ላሊበላን በስምንት ቢት መጻፍ

«ላሊበላ» የሚለው ስም አራት ሆሄ ነው። ማንኛውም የእጅ ስልክ በቅጽበት ይጽፈዋል። ይሁን እንጂ ጣት ቁልፉን ከነካበት ጊዜ አንሥቶ «ላ» በማሳያው ላይ እስክትወጣ ድረስ በመካከሉ ምን እንደሚከናወን አንድ የኮምፒዩተር ምሕንድስና ምሩቅ ቢጠየቅ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር አያልፍም። ጥፋቱ የምሩቁ አይደለም። የማይክሮፕሮሰሰር ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚሣል ንድፍና በሲሙሌተር ነው። ተማሪው የኢንቴል 8086ን መዝገቦች ስም በቃሉ ያጠናል፣ ፕሮግራሙን በሲሙሌተሩ መስኮት ውስጥ ያስኬዳል፣ ፈተናውንም ያልፋል። ማይክሮፕሮሰሰሩን ግን በእጁ ሳይዝ ይመረቃል። በመመረቂያው ዓመት አርዱዊኖ ገዝቶ ከበይነ መረብ ያገኘውን ኮድ ሲጭንበት ደግሞ ሥራው ይሳካለታል፣ የተሳካበት ምክንያት ግን እንደተሸፈነ ይቀራል።

በአሮጌ ማይክሮፕሮሰሰር ዙሪያ በእጅ የሚሠራ ኮምፒዩተር፣ በተለይም በፊደል የሚጽፍ ከሆነ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ሥራ የሚበቃ ርእሰ ጉዳይ ነው። ብዙ መምህራን ይህን ሐሳብ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሊቆጥሩት ይችላሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ በዚህ ሥራ ከተጠመዱት ሰዎች አብዛኞቹ የልጅነታቸውን ኮምፒዩተር የሚናፍቁ ናቸውና ግምቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በላስታ ደጋ ያደገ ተማሪ ግን የሚናፍቀው የ1980ዎቹ ኮምፒዩተር የለም። ለእርሱ ይህ መሣሪያ የትናንት ትዝታ ሳይሆን፣ አያቶቹም ወላጆቹም ያላለፉበት አንድ የቴክኖሎጂ እርከን ነው። የዘለለውን እርከን ተመልሶ መርገጥ ደግሞ ከናፍቆት የተለየ ነገር ነው።

የሚመረጠው ማይክሮፕሮሰሰር 6502 ቢሆን ይመረጣል። ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1975 እ.ኤ.አ. ይህን ማይክሮፕሮሰሰር በ25 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ የኢንቴል 8080 የመጀመሪያ ዋጋ 360 ዶላር ነበር። ስቲቭ ዎዝኒያክ በ1976 እ.ኤ.አ. የአፕልን የመጀመሪያ ኮምፒዩተር በ6502 ላይ የሠራውም በዚሁ የዋጋ ልዩነት ምክንያት ነው። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች 3,500 ያህል ብቻ ናቸው። የትእዛዞቹ ዓይነት 56 ሲሆን፣ ዝርዝሩ በአንድ ወረቀት ላይ ታትሞ በኪስ ይያዛል። ተፎካካሪው የዚሎግ ዜድ80 ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ያገለገለ ቢሆንም፣ ኩባንያው ባለ 40 እግሩን ጥንታዊ ዓይነት ማምረት እንደሚያቆም በ2024 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ከ6502 ንድፍ አውጪዎች አንዱ የሆነው ቢል ሜንሽ ያቋቋመው ዌስተርን ዲዛይን ሴንተር ግን 65ሲ02 የተባለውን ተሻሻለ ዝርያ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ይህ ዝርያ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሰዓት ምቱ ሙሉ በሙሉ ቢቆምም በውስጡ ያለውን አይረሳም። ስለዚህ ተማሪው በአንድ መጫኛ ቁልፍ ምቱን በእጁ እየሰጠ፣ በ16ቱ የአድራሻ መስመሮችና በ8ቱ የዳታ መስመሮች ላይ ትንንሽ መብራቶች አስሮ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በዓይኑ መከታተል ይችላል።

ይህን ሲሙሌተርም ያሳያል የሚል ይኖራል። ሲሙሌተር የሚያሳየው ግን ነገሩ እንደ ታሰበው ሲሆን ነው። በ65ሲ02 ላይ ለምሳሌ የማቋረጫ ጥሪ የሚቀበለው እግር ከምንም ጋር ሳይያያዝ ከተተወ ዜሮም አንድም አይደለም፤ እንደ አንቴና ከአካባቢው የሚመጣውን ሁሉ ይቀበላል። የተማሪው እጅ ወደ ሰሌዳው ሲጠጋ ፕሮግራሙ ይስታል፣ እጁ ሲርቅ ይስተካከላል። በሲሙሌተር ውስጥ እንዲህ ያለ እግር የለም። አንድ ሳምንት ሙሉ በፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ ሰንብቶ ጉድለቱ የአንዲት ሬዚስተር መቅረት መሆኑን የደረሰበት ሰው፣ «አሃዛዊ ምልክት» የሚባለው ነገር ከሥሩ ቮልቴጅ መሆኑን ዳግመኛ አይዘነጋም።

ሥራው ወደ ፊደል ሲመጣ ግን ጥያቄው ከኤሌክትሮኒክስ ያልፋል። በአማርኛ ፊደል ገበታ 33 መሠረታውያን ሆሄያት አሉ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ። የግእዝ አኀዞች ከ፩ እስከ ፼ ሲቆጠሩ 20 ናቸው። ሁለት ነጥብን፣ አራት ነጥብን፣ ነጠላና ድርብ ሠረዝን ጨምሮ ሥርዓተ ነጥቦቹ 8 ቢባሉ ድምሩ 259 ይመጣል። ባለ 8 ቢት ማይክሮፕሮሰሰር በአንድ ባይት መለየት የሚችለው 256 ነገሮችን ብቻ ነው። እነ ቋን፣ ጓንና ሏን ሳይጨምር፣ «ቨ»ን ሳይጨምር፣ የተለመዱትን አኀዞች ሳይጨምር ፊደሉ በሦስት ይተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። ሞክሼ የሚባሉት ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከነዘራቸው ቢወጡ 28 ሆሄያት ይቀራሉ። እነርሱ በሰባት ሲረቡ 196፣ ከአኀዞቹና ከነጥቦቹ ጋር 224 ይሆናሉ። ከ256 ላይ 224 ሲቀነስ የሚተርፈው ልክ 32 ነው። በላቲኑ የአስኪ ኮድ መጀመሪያ ላይ ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተተወው ቦታም 32 ነው። ስሌቱ እንዲህ ገጥሞ ሲገኝ መሐንዲስ የሆነ ሰው ሁሉ ልቡ ይሳባል። በአንድ ባይት አንድ ሆሄ፣ ምንም ብክነት ሳይኖር!

ዋጋው የሚታወቀው ግን ኮምፒዩተሩ ወደ ላሊበላ ሲወሰድ ነው። በግእዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ ማለት ነው፣ የፀሐይ መውጣት የሚነገርበት ግስ። «ሰረቀ» ደግሞ ዛሬም በአማርኛ እንደምንለው የሌባ ግብር ነው። ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ለይቶ ማንበብ በቅኔና በዜማ ቤት ላለፈ ሰው የፊደል ጌጥ ሳይሆን የትርጉም ጉዳይ ነው። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ያሉ የብራና መጻሕፍት በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ቢጻፉ ወጪና ሌባ አንድ ይሆናሉ። አምስት ሆሄያትን ለመጣል የወሰነው ሰው በሥራው ጊዜ የሚያስበው ስለ ሜሞሪ ነበር፤ ያደረገው ግን ስለ ግእዝ መወሰን ነው።

ቀዳሚዎቹም በተመሳሳይ ጠባብ በር ውስጥ አልፈዋል። ስማቸው ከአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጋር የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው፣ ለጥቂት የላቲን ሆሄያት የተሠራን መኪና ለብዙ መቶ ሆሄያት ማስገዛት ነበር። በጽሕፈት መኪናው ላይ የሆሄው ግንድ ለብቻው፣ የድምፁ ቅጥያ ለብቻው ይመታ ስለ ነበር፣ በመኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያየ ሰው ከግንዱ ተላቀው የተንጠለጠሉትን እግሮችና ክንፎች ያስታውሳቸዋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደልን ወደ ግል ኮምፒዩተር ሲያስገቡም የ256ቱ አጥር ፊታቸው ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ በወጡ ብዙ ሶፍትዌሮች ፊደሉ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ የሆሄ ቅርጽ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይቀመጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር። የዘመኑ ተማሪ ይህን ታሪክ በጨረፍታ ሰምቶት ይሆናል። በ32 ኪሎባይት ውስጥ ራሱ ሲሞክረው ግን እነዚያ ሰዎች ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ይገባዋል፣ የት ላይ እንደ ተሳሳቱም በእውቀት መናገር ይችላል።

የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም በ1999 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታ ተሰጥቶት 345ቱ ተሞሉ። አቀማመጡ ለአሮጌው ማይክሮፕሮሰሰር እጅግ የሚመች መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። መነሻው 4608 ነው፤ ይህ ቁጥር ሲቀነስ «ላ» 11፣ «ሊ» 10፣ «በ» 96 ሆነው ይገኛሉ። 11 ለ8 ሲካፈል 1 ደርሶ 3 ይተርፋል። ከዜሮ ሲቆጠር አንደኛው ረድፍ የ«ለ» ቤት፣ ሦስተኛው ዓምድ ደግሞ ራብዕ ነው። 96 ለ8 ሲካፈል 12 ደርሶ ትርፍ የለውም፤ የ«በ» ቤት፣ ግዕዝ። በላስታ የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃናት በእንጨት እየነኩ ወደ ጎንና ወደ ታች የሚቆጥሩት የፊደል ገበታ፣ ስምንተኛ ዓምድ ተጨምሮለት፣ በቀጥታ የሜሞሪ አድራሻ ሆኗል ማለት ነው። በ65ሲ02 ቋንቋ የሆሄውን ድምፅ ለማወቅ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቢቶች ብቻ ማስቀረት ይበቃል፤ ቤቱን ለማወቅ ደግሞ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ማንሸራተት። «ለ»ን ወደ «ላ» መለወጥ 3 መደመር ነው። 384 ከ256 ስለሚበልጥ አንዲት ዘጠነኛ ቢት ታስፈልጋለች። እርሷን በሁለተኛ ባይት ውስጥ ማኖር ሜሞሪውን በእጥፍ ያስበላል፣ ግን አንድም ሆሄ አያስጥልም። አንድ ገጽ 2,000 ሆሄ ቢይዝ 4,000 ባይት ይፈጃል፤ 32 ኪሎባይት ባለው ሜሞሪ ውስጥ ለፕሮግራሙ የሚሆን ቦታ ተትቶ ሰባት ገጽ ያህል ይቀመጣል። ለአንድ ተአምር ወይም ለአንድ ድርሳን ምዕራፍ ይበቃል። ከአምስቱ ሆሄያት መጥፋት ይልቅ የገጹ ማነስ ይሻላል።

ማሳያው የራሱ ጣጣ አለው። ለዚህ ዓይነት ሥራ በብዛት የሚገዛው ባለ ሁለት መስመር ማሳያ በሂታቺ ኤችዲ44780 የሚመራ ነው፤ በባለቤቱ የሚሣሉ ሆሄያትን በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 8 ብቻ፣ እያንዳንዱንም በ5 በ8 ነጥብ ነው። «ላሊበላ» ሦስት የተለያዩ ሆሄያት ብቻ ስላሉት ይገባል፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ግን አይገባም። በ8 በ8 ነጥብም ቢሆን «ጨ»ንና «ጬ»ን ለይቶ መሣል ዓይን ያጠፋል። ባለ 128 በ64 ነጥብ ማሳያ ተወስዶ እያንዳንዱ ሆሄ በ16 በ16 ሲሣል በአራት መስመር 32 ሆሄ ይታያል። ለአንድ ሆሄ 32 ባይት፣ ለ384ቱ ቦታ 12,288 ባይት ያስፈልጋል፤ ባለ 32 ኪሎባይት ሮም ከሲሶ በላይ ለሆሄ ሥዕል ብቻ ይሄዳል። ስንት ነጥብ ሲቀነስ ነው «ጸ» እና «ጿ» የማይለዩት? ይህ በመለኪያና በአንባቢዎች ፈተና ሊመለስ የሚችል የምርምር ጥያቄ ነው። አዲስ ነገር የለበትም ብሎ ርእሱን የሚመልስ ገምጋሚ ካለ፣ ከዚህ ይጀምር።

ከሆሄያቱ በላይ ደግሞ የዜማ ምልክቶች አሉ። ለገና «ቤዛ ኵሉ» በሚዜምበት ደብር፣ ይዘትን፣ ደረትን፣ ድፋትን፣ ጭረትንና ርክርክን የማያሳይ የጽሑፍ መሣሪያ ለመዘምራኑ ግማሽ መሣሪያ ነው። ዩኒኮድ ለዜማ ምልክቶች 10 ቦታ የሰጠው በ2005 እ.ኤ.አ. በ4.1ኛው እትም ነው፤ ከፊደሉ ስድስት ዓመት ዘግይቶ። በእጅ በሚሠራው ኮምፒዩተር ላይ ምልክቶቹ ከሆሄው በላይ እንዲቀመጡ የመስመሩ ቁመት ወደ 24 ነጥብ ከፍ ቢል በማሳያው ላይ ሁለት መስመር ብቻ ይቀራል። ሁለት መስመር ዜማ ለመከተል ይበቃ እንደ ሆነ ሊመልስ የሚችለው መሐንዲሱ ሳይሆን መሪጌታው ነው። ሥራው በላሊበላ ወይም ከላሊበላ ጋር ተያይዞ እንዲከናወን የሚያስፈልገው ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጋሸና በኩል ተጉዞ መሪጌታውን መጠየቅ ይችላል፤ ዩኒኮድን ግን ተሰልፎ መጠየቅ አይቻልም።

የአካባቢው ሁኔታም ከሥራው ጋር ይነጋገራል። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ላሊበላ ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ ቆይታለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት፣ መማሪያው ሁሉ በበይነ መረብ ላይ የሆነ የምሕንድስና ተማሪ ምን ይዞ እንደ ቀረ ማሰብ አይከብድም። 65ሲ02 ስልክ ለመሙላት በሚያገለግል 5 ቮልት፣ ከትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ በሚመጣ ኃይል ይሠራል፤ ለመሥራትም ከማንም ፈቃድም ማውረድም አይጠብቅም። ይህ ማለት ኮምፒዩተሩ ላፕቶፕን ይተካል ማለት አይደለም። የላብራቶሪ ሥራው ግን መስመር በተቋረጠ ቁጥር አይቋረጥም።

አስቸጋሪው የዕቃው መንገድ ነው። ማይክሮፕሮሰሰሩ ራሱ ውድ አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪው፣ የፖስታው ጊዜና ጉምሩኩ ግን ከዕቃው በላይ ያደክማሉ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያንዳንዱ ተማሪ ከሚያስመጣ ትምህርት ክፍሉ በአንድ ጊዜ ለሃያ ሰው ቢያዝ ይቀላል። ሬዚስተሮች፣ ክሪስታሎችና የሎጂክ ቺፖች ከተጣሉ ሰሌዳዎች ላይም ሊነቀሉ ይችላሉ። አሮጌ ዓይነት ኢፒሮም ካጋጠመ ደግሞ አይጣል። በጀርባው የመስታወት መስኮት ያለው ይህ ቺፕ የሚሰረዘው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ መሰረዣ መሣሪያ የሌለው ሰው በቀጥታ የፀሐይ ብርሃን አንድ ሳምንት ያህል ቢያሰጣው ይሰረዝለታል። የላስታ ደጋ ፀሐይ ለዚህ አይታማም። በአንጻሩ ፕሮግራም የተጻፈበትን ቺፕ መስኮቱን በወረቀት ሳይለጥፉ በመስኮት ዳር መተው የወራት ድካምን ለፀሐይ መስጠት ነው።

ኤፍፒጂኤ ወይም ሪስክ-ፋይቭ ለምን አይሆንም የሚለው ተቃውሞ ከናፍቆት ክሱ ይልቅ ክብደት አለው። እነርሱ የዛሬ ቴክኖሎጂ ናቸው፣ ሥራም ያስገኛሉ። የ6502 ብልጫ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ሊያውቀው ይችላል። ከኃይል ምንጩ እስከ «ላ» ነጥቦች ድረስ ያለው ሁሉ በአንድ ተማሪ ጭንቅላት ውስጥ በአንድ መንፈቀ ዓመት ይገባል። ኤፍፒጂኤው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ሲመጣም ያው ተማሪ ያን 6502 በውስጡ ሊያንጸው ይችላል።

መጀመሪያው ቀላል ነው። ሜሞሪም ማሳያም ሳይኖር፣ 8ቱ የዳታ መስመሮች በሬዚስተር ተይዘው 234 የሚለውን ቁጥር ሁልጊዜ እንዲያሳዩ ይደረጋሉ። 234 በ65ሲ02 ዘንድ «ምንም አታድርግ» ማለት ነው። ማይክሮፕሮሰሰሩ ትእዛዙን ያነባል፣ ምንም አያደርግም፣ ወደ ቀጣዩ አድራሻ ያልፋል፣ እዚያም ያው 234 ይጠብቀዋል። ለእያንዳንዱ አድራሻ ሁለት የሰዓት ምት ስለሚወስድ፣ በ1 ሜጋኸርዝ 65,536ቱን አድራሻዎች በ0.13 ሰከንድ ጨርሶ እንደገና ይጀምራል። በ16ኛው የአድራሻ መስመር ላይ የታሰረችው መብራት በሰከንድ ሰባት ተኩል ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። ካልተርገበገበች ያ የማቋረጫ ጥሪ እግር መታየት አለበት።